ባለቤቴ ለፋውንቴን ብሎ የአባቴን ማንጎ ሊያስቆርጥ ነው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ ነው። የ41 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ።

ባለቤቴ ስድስት ዓመት ኩዌት ቆይቶ ባለፈው ጥቅምት ጠቅልሎ ገባ። እዚያ የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነበር። መኪና በማይነዳበት ሰዓት ደግሞ የግቢያቸውን አትክልት ያጠጣ ነበር። ከመጣ ጀምሮ ሥራ አልጀመረም። ሱቅ እንከፍታለን ተባብለን ነበር፤ ወሬው ቀረ። አሁን ቀንም ሌሊትም የሚያስበው ስለ ግቢው ነው። መሃል ላይ ባለ ሴራሚክ ፋውንቴን ሊያሠራ ነው። ሁለት የሲሚንቶ አንበሶች ገዝቶ አስመጥቷል፤ ወርቃማ ቀለም ሊቀባቸው አስቧል። በጎን በኩል ደግሞ ቲክቶክ ላይ ያየውን ዓይነት ትንሽ የፕላስቲክ ግሪንሃውስ አቁሞ ቲማቲም ሊያመርት ነው። ሰፈሩ ቤታችንን "ዱባይ" እያለ መጥራት ጀምሯል። እሱ እንደ ሙገሳ ወስዶታል። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው።

ቤቱ የወላጆቼ ነው። አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው፤ እናቴ አብራን ትኖራለች። ግቢው ውስጥ አባቴ የተከለው ማንጎ አለ። እናቴ ከምሳ በኋላ እስኪመሽ ከሥሩ አትነሳም። ቡና የሚፈላው እዚያ ነው፤ ጎረቤት የሚሰበሰበውም እዚያ ነው። ባለቤቴ ቅጠሉ ገንዳውን ያበላሻል ብሎ በሚቀጥለው ሳምንት ሊያስቆርጠው ነው። እናቴን ስጠይቃት "ግቢው የእናንተ ነው፣ እኔ ዱካዬን ይዤ የትም እቀመጣለሁ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ቡናዋን ቤት ውስጥ ነው የምትጠጣው።

ውሃ እኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። በበርሜልና በባሊ አጠራቅመን ነው የምንኖረው። ሴት ልጄ በ2014 ዓ.ም. ወባ ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የቆመ ውሃ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። አሁን ደግሞ ግንበኛው ለገንዳው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ለሲሚንቶ ማቡኪያ ብሎ አንድ አሮጌ በርሜል ሙሉ ውሃ አስቀምጦ ከሄደ ሳምንት ሊሆነው ነው።

አንድ ቀን ስለ ገንዘቡ ላነሳ ስል "ዕድሜዬን የሰው ግቢ ሳጠጣ ነው የጨረስኩት፤ አሁን ደግሞ የራሴን ላጠጣ" ብሎኝ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ። ብሩን በላቡ ነው ያመጣው፤ ግን ግማሹ ሊያልቅ ነው። ዝም ብል ዛፉ ይቆረጣል። ብናገር ትዳሬ ይናጋል ብዬ እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

*ግራ የገባኝ፣ ከድሬዳዋ*

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የማያድር ነገር ልንገርሽ። ግንበኛው ትቶት የሄደውን በርሜል ዛሬውኑ ድፊው። ጉድጓዱም ውሃ ቋጥሮ ከሆነ ይቀዳ። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ። ለዚህ የማንንም ይሁንታ መጠበቅ የለብሽም።

አሁን ወደ ባልሽ እንምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ተናግሮ የወጣውን ያንን ነገር ነው። ስድስት ዓመት የሌላ ሰው አበባ ሲያጠጣ የኖረ ሰው ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ፋውንቴን ነበረ እንበል። አጠገቡ ተቀምጦ ሻይ ጠጥቶ ያውቃል? ወይስ ገንዳውን አጥቦ፣ ቅጠሉን ለቅሞ ወደ ክፍሉ ነው የሚገባው? አንቺ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ከዓረብ አገር የመጣን ሰው ሁላችንም የምንጠይቀው ስንት ብር እንደያዘ ነው። ቀኑን እንዴት ይውል እንደነበር የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

ሌላም ነገር አለ። "የራሴን" ያለው እናትሽ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነው። በሚስቱ ወላጆች ቤት የሚኖር ወንድ ማንም ክፉ ሳይናገረው እንግድነት ሊሰማው ይችላል። የግቢውን መልክ ከቀየረው የሱ የሚሆን ይመስለው ይሆናል። የሱቁ ወሬስ ለምን ቀረ? አብሮት ተመልሶ ሱቅ ከፍቶ የከሰረ ጓደኛ ይኖረው ይሆን? ሱቅ ይከስራል፤ ፋውንቴን አይከስርም። የስድስት ዓመት ጥሪቱን በኪራይ ሱቅ ውስጥ ላጣው እችላለሁ ብሎ የፈራ ሰው፣ ቢያንስ በዓይኑ በሚያየው ነገር ላይ ቢያፈሰው አይገርመኝም። ልክ ነው አላልኩም። ነገሩን ከገንዘቡ ብትጀምሪ ግን እንደዚያን ቀን ተነስቶ ይወጣል።

ያንቺን ደግሞ እንይ። ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ተጠቅልለዋል፤ ገንዘቡ፣ የልጅሽ ሕመምና የአባትሽ ዛፍ። እኔ እንደገባኝ አብልጦ የሚያምሽ ዛፉ ነው። ለባልሽ ልታነሺለት የሞከርሽው ግን ገንዘቡን ነው። ማንጎው እንዲቆረጥ እንደማትፈልጊ በአፍሽ ነግረሽዋል? ከጻፍሽው እንደተረዳሁት አልነገርሽውም። ሳትነግሪው እንዲገባው እየጠበቅሽ ይሆን?

ዘመኑን ቆጠር ቆጠር አደረግኩት። አባትሽ ሲያርፉ እሱ ኩዌት ነበር። ልጅሽ ሆስፒታል ስትተኛም ኩዌት ነበር። እናትሽ ሐዘናቸውን እዚያ ዛፍ ሥር ሲያሳልፉ አላየም። አንቺ ሌሊት የልጅሽን ግንባር እየዳሰስሽ ስትነጊ አላየም። በስልክ ሰምቶ ይሆናል፤ በስልክ የሚነገረው ደግሞ "ደህና ናት፣ አታስብ" ነው። ስለዚህ ለእሱ ማንጎው ቅጠል የሚያራግፍ ዛፍ ነው። በርሜሉም በርሜል ነው። አንቺ ክፋት የመሰለሽ ነገር አለማወቅ ሊሆን ይችላል። ያንቺን ስድስት ዓመት አያውቅም፤ አንቺም የሱን አታውቂም። ወሬያችሁ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

እናትሽ ቡናቸውን ቤት ውስጥ መጠጣት ከጀመሩ መልሳቸውን ሰጥተዋል። ለልጅ ባል ከዚህ በላይ መናገር ለሳቸው ይከብዳል። ቤቱ በሳቸው ስም ከሆነ ደግሞ ዛፍ ማስቆረጥና ገንዳ መቆፈር የሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃል። ወንድምና እህት ካለሽም ነገ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ግን አንቺ በሳቸው ስም አትከራከሪ። ባልሽ ራሱ ሄዶ "እማማ፣ ዛፉን ምን ላድርገው?" ብሎ ቢጠይቃቸው ይሻላል። የእንግድነት ስሜቱም በዚህ የሚቀንስ ይመስለኛል፤ የሚጠየቅና የሚጠይቅ ቤተኛ ነው።

ወደ ውሃው ልመለስ። ሆድሽ የሚረበሸው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሬዳዋ በዚህ በኩል ብዙ አይታለች። በ2006 ዓ.ም. ደንጌ የሚባለው የትኩሳት በሽታ ገባ፤ በ2011 ማብቂያ ላይ ቺኩንጉንያ ስንቱን አልጋ ላይ አዋለ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን ቀን የምትነክሰውና ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ የምትራባው ትንኝ ናት። ልጅሽ በታመመችበት በ2014 የተነሳው ወባ ደግሞ እንደወትሮው ዝናብ ተከትሎ የመጣ አልነበረም። በደረቁ ወራት ነው የተነሳው። ተመራማሪዎች ያገናኙት አኖፊሊስ ስቴፈንሲ ከምትባል ትንኝ ጋር ነው። ይህች ትንኝ ከደቡብ እስያና ከዓረብ አገሮች በኩል የመጣች ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። ነባሯ የወባ ትንኝ የዝናብ ኩሬ ትፈልጋለች። ለዚህችኛዋ ግን በርሜል፣ ሮቶ፣ ግንበኛ ትቶት የሄደ ውሃ ይበቃታል። በድሬ ሙቀት እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ ለመብረር አሥር ቀን ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው የሚፈጅበት። የግንበኛው በርሜል ደግሞ ሳምንት ሊሆነው ነው ብለሽኛል።

ይህን ለባልሽ ስትነግሪው ግን ዝግጁ ሁኚ። የእናንተ የቤት በርሜሎች ክዳን አላቸው? መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህን ነው፤ እውነትም አለው። ውሃው የሚዘዋወር ፋውንቴን ክዳን ከሌለው በርሜል አይብስም። የሚብሰው መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም፣ ውሃውም ቀናት ሲቆይ ነው። ስለዚህ ከንግግሩ በፊት በርሜሎቹን አስተካክዪ። ክዳን የሌለውን ባረጀ አጎበር ሸፍነሽ አፉን በላስቲክ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው፤ ቀዳዳ እንዳይኖረው እዪ። በሳምንት አንዴ ውሃው ሲያልቅ ውስጡን በብሩሽ ፈትጊው። የደንጌዋ ትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ፣ ደርቆም ለወራት ስለሚቆይ መድፋት ብቻ አይበቃም። ይህን ባልና ሚስት አብራችሁ ብትሠሩት ደግሞ ግማሹ ወሬ እግረ መንገዱን ያልቃል።

ፋውንቴኑን ጨርሶ ተወው በይው አልልሽም። ሕልሙ ነው፤ መልኩን ቀይሩለት። ኩዌት ወንዝ የላትም። የምትጠጣው ውሃ በአብዛኛው ከባሕር ጨዉ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ባልሽ ይሠራበት በነበረው ግቢ ግን ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ነበር። የእናንተ ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚያስታውሳችሁ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ክፍት ገንዳ በእናንተ ፀሐይ በቀን አንድ ጀሪካን የሚጠጋ ውሃ ሊተንበት ይችላል። ነፋስ የሚረጨው ሲጨመር ይበልጣል። እናትሽ ውሃ እየቆጠቡ ልብስ በሚያጥቡበት ቤት ይህን በየቀኑ መሙላት ጠብ ማምጣቱ አይቀርም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር። አንድ ጠንካራ የፕላስቲክ በርሜል መሬት ውስጥ ይቀበር። አፉ ላይ መጀመሪያ ትንኝ የማያሳልፍ የወንፊት ሽቦ፣ ከላዩ ክብደት የሚችል ፍርግርግ ብረት ይደረግ፤ ከዚያ በድንጋይና በጠጠር ይሸፈን። ትንሽዬ ፓምፕ ከሥር ትቀመጣለች። ከላይ አንድ ትልቅ እንስራ ይቁም። ውሃው በእንስራው አፍ ሞልቶ፣ ጎኑን እያረጠበ ወርዶ ጠጠሩ ውስጥ ይገባል፤ ተመልሶም ይወጣል። ድምፁ አለ፤ ክፍት ውሃ የለም። የጎረቤት ሕፃን አይወድቅበትም። የሚተነውም በጣም ያንሳል። እንዲህ ያለች ፓምፕ የምትወስደው ኃይል ከድሮው አምፖል ብዙም አይበልጥም፤ ማታ ማታ ሰው ሲሰበሰብ ብቻ ብትከፈት ትበቃለች። ኤሌክትሪኩን ግን ግንበኛው በግምት እንዳይቀጥለው። ውሃና መብራት የሚገናኙበት ስለሆነ በባለሙያ ይዘርጋ፤ ራሱን የቻለ ብሬከርና የመሬት መስመር ይኑረው።

የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ እንደሆነ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዪው። ያው ነገር ፓምፑን ይደፍናል፤ የሴራሚኩንም ፊት ነጭ በነጭ ያደርገዋል። ውድ ሴራሚክ ላይ ብር ከማውጣት እንስራና ሻካራ ድንጋይ የተሻለ ነው፤ እነሱ ላይ ኖራው ብዙም አያስታውቅም። ፓምፑ ደከም ሲል አውጥቶ አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው።

ግሪንሃውሱ ላይ ግን ጠንከር ልበል። ለድሬ አይሆንም። ሆለታ ወይም ቢሾፍቱ በኩል የሚታዩት የአበባ እርሻ ፕላስቲክ ቤቶች የቆሙት ሌሊቱ ለሚበርድበት ደጋና ወይና ደጋ አገር ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከቤት ውጭ ጥላ ውስጥ 35 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ፣ የተዘጋ ፕላስቲክ ችግኝ ይቀቅላል። ቲማቲም ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት አበባውን ያራግፋል፤ ፍሬ አይቋጥርም። ባልሽ የሚያስፈልገው ሼድ ኔት ነው። አራት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ ግማሽ ፀሐይ የሚያስቀር መረብ፣ ጎኑ ክፍት። ዋጋው ከግሪንሃውሱ ጋር አይወዳደርም። ቃሪያ፣ ቆስጣ፣ በሶብላ ከሥሩ ደህና ይሆናሉ። ቲማቲሙን ቀዝቀዝ በሚሉት ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሞክረው።

አንበሶቹን ተያቸው። አንበሳ ውሃ አይጠጣም፣ ትንኝ አያራባም፣ መብራት አይፈልግም። ወርቃማው ቀለም ለኔም አይጥመኝም፤ ግን በአንድ ጊዜ አራት ነገር ከምትቃወሚ አንዱን ብትለቂለት ሌላውን ይሰማሻል። ሰፈሩ "ዱባይ" ብሎ ሲስቅ አንቺም ሳቂ። አንገት የሚያስደፋ ነገር የለውም።

ማንጎው ግቢውን የሚያቀዘቅዘው ከማንኛውም ፋውንቴን በላይ ነው። ድሬ ላይ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚፈልገው ጥላ ነው፤ ከዚራ ሰፈር በእግሩ የሄደ ሁሉ የዛፎቹን ዋጋ ያውቃል። ፋውንቴኑ ከግንዱ ቢያንስ ሦስት ሜትር ራቅ ብሎ፣ ቅርንጫፉ በማይደርስበት ጎን ይሁን። ቅጠሉ አያስቸግረውም፤ ሥሩም የተቀበረውን በርሜል የመግፋት ዕድሉ ያንሳል። የተቆፈረው ጉድጓድ ለዚህ ካልተመቸ ሌላ መቆፈር የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ገንዘቡን አሁን አታንሺው። ዛፉና ውሃው መልክ ከያዙ በኋላ ሌላ ቀን አንሺው። ያኔም "ስንት ጠፋ?" ሳይሆን "ለግቢው ስንት እንመድብ?" ብለሽ ጀምሪ። አንድ ልክ ተስማሙና ጻፉት። የቀረው ለብቻው ባንክ ይግባ፤ ለምን እንደሆነም ሁለታችሁም እወቁት። በነገራችን ላይ ይህ ሰው ሁለት ሙያ አለው፤ መንዳትና አትክልት። ሼድ ኔቱ ሥር የፓፓያ፣ የቃሪያና የቦገንቪላ ችግኝ በጥቂቱ አፍልቶ ለሰፈሩ ሰው ሸጦ ቢያየውስ? ከሱቅ ያነሰ ብር ነው የሚበላው። ቢከስር የሚከስረው አፈርና ላስቲክ ነው። ይህን እንደ መመሪያ አትንገሪው፤ "ችግኝ ማፍላት እዚያ ተምረሃል?" ብለሽ ጠይቂውና ወሬው ወዴት እንደሚሄድ እዪ።

ንግግሩን ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ ከቤት ውጭ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ አድርጉት። መጀመሪያ "የዚያን ግቢ ነገር ነግረኸኝ አታውቅም፤ እስቲ ንገረኝ" በይውና አዳምጪ። አታቋርጪው። ሲጨርስ ያንቺን ንገሪው፦ "አባዬ ሲያርፍ አንተ አልነበርክም። እማዬ ያን ዓመት ከዚህ ዛፍ ሥር አልተነሳችም። እኔም እዚሁ ነው ያለቀስኩት። እንዲቆረጥ አልፈልግም። ፋውንቴኑን ግን አብረን እንሥራው።" ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስለ ልጅሽ ሕመምም የዚያኑ ዕለት ማታ ወይም በማግሥቱ ንገሪው፤ ሌሊቶቹ እንዴት እንደነበሩ።

ቢቆጣስ? ሊቆጣ ይችላል። ያኔ አንድ ነገር ብቻ ለምኚው፤ ዛፉ ይህን ክረምት ይለፍ። ፋውንቴን መስከረምም ይሠራል፤ የተቆረጠ ማንጎ ግን አይመለስም። እሱንም እንቢ ካለ እሱ የሚያከብረውን አንድ ሰው፣ ታላቅ ወንድሙን ወይም የቅርብ ጓደኛውን፣ ጣልቃ አስገቢ። ያንቺ ወገን ባይሆን ይመረጣል። በምንም መንገድ ግን ሳታናግሪው ዛፍ ቆራጩን በስልክ እንዳትመልሺው። ቀብድ ተቀብሎ ከሆነም ችግር የለም። ባልሽ ራሱ ይደውልለትና ፍሬው ካለቀ በኋላ መጥቶ ዝቅ ያሉትን ቅርንጫፎች ይግረዝ፤ ቀብዱም ለዚያ ይያዝ።